ድምፅ ሰጪዋ

ሠላሳ አንድ ዓመት ከመስታወት ጀርባ፣
ባቡር ስታስወጣ፣ ባቡር ስታስገባ፣
ዝላትካን ያያት የለም፤ የሰማት ግን ብዙ፦
በር ላይ የሚሳሳሙ፣ ሻንጣ የሚያግዙ፣
ከሮዶፒ ተራራ ወርደው ትንባሆ የሚሸጡ፣
ስሟን ሳይጠይቁ ድምጿን የሚያዳምጡ።

እኔ አልሰማኋትም።
ገና በሦስት ዓመቴ ጆሮዬን ትኩሳት ወሰደው፤
ከጣቢያው ማዶ ነው ክርና መርፌ የማዛምደው።
ድምጿን የማውቀው በመስኮቴ ነው፤
እሷ ስትናገር መስታወቱ
ብርድ እንደ ያዘው ሰው ይርገፈገፋል፤
"የማታው ባቡር ደረሰ" ይለኛል፤ መቀሴም ያርፋል።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። መስመሩ ይዘጋል፣
"ኪሳራ ነው" ይላል፤
ቅሬታ ያለው ካለ ሐሙስ ይናገራል።
ሰው ሁሉ ወደ ዝላትካ ዞረ፤
"አፍማ ያንቺ ነው" አላት፤ ነገሩ እዚያው ቀረ።

በማግስቱ ሱቄ ገባች፤ ጠመኔዬን አነሳች፤
ለከንቲባው ሱሪ በዘረጋሁት ጨርቅ ላይ ጻፈች፦
"እጄን የት ላድርገው?"

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው በአፉ ቢዋሽም
ቁመናው ሜትሬን አያታልልም።
በርጩማ ላይ አቆምኳት።
ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ሸሽቷል፤
ጉልበቷ ተቆልፏል፤
እጇ እንደ ሌባ ኪሷ ውስጥ ገብቷል።
መርፌዬን አመጣሁ። ሁለቱንም ኪሶች፣ እያየችኝ፣
በድርብ ክር ደፈንኳቸው።

ከዚያ ሜትሩን በጎድኗ ዙሪያ ጠመጠምኩት፤
"ተንፍሺ" አልኳት በእጄ፤
ሁለት ጣት እስኪሰፋ ጠበቅሁት።
ብርጭቆ ውኃ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።
ደም ሥሯ ተገትሮ ስትጮህ ውኃው ዝም አለ፤
ከሆዷ፣ ቀስ ብላ ስትናገር ግን
ከመሃል እስከ ዳር በክብ ተንከባለለ።

ሐሙስ። የባህል አዳራሹ ሞልቷል።
ከሶፊያ የመጣው ሹም ቁጥር ያነባል፤
ዓይኑ ከወረቀቱ አልተነቀለም፤
የሚያወራው ለወረቀቱ ነው፣ ለእኛ አይደለም።

ዝላትካ ወጣች።
እጇ ኪሷን ፈለገ፤ ስፌቱን ነካ፤ ተመለሰ።
ዝም አለች።
አንድ። ሁለት። ሦስት። የሰው አንገት ተመዘዘ፤
ሊስል የጀመረ ሽማግሌ ሳሉን በመዳፉ ያዘ።
ስልሳ ዓመት ዝምታ ውስጥ ነው የኖርኩት፤
እንዲህ ሞልቶ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

ከዚያ መዳፏ ተከፈተ፣ ወደ መጨረሻው ረድፍ፣ ወደ እኔ፤
ድምጿ በወለሉ ሳንቃ፣ በጫማዬ ሶል ዘለቀ እስከ ጎኔ።
ክርክር አላነሳችም። የማታውን ባቡር ጠራች፤
ከንፈሯን አነበብኩ፤ ጣቢያ በጣቢያ በእጇ እያቆመች፦
"እዚህ ነርሷ ቬሲላ ትሳፈራለች፤
እዚህ የኮልዮ ልጆች፣ ከትምህርት ቤት፤
እዚህ ማንም የለም፣
ግን አንዲት አሮጊት መብራቱን ለማየት መስኮት ትከፍታለች።"
የመጨረሻዋ ጣቢያ ላይ ሳንቃው ጸጥ አለ፤
ድምጿን አውርዳው ኖሯል፤
አዳራሹ በሙሉ ወደ ፊት አዘነበለ።

በእኛ አገር ራስ ግራና ቀኝ ሲወዘወዝ "አዎ" ነው፤
ላይና ታች ከሆነ "እምቢ" ነው።
የሶፊያው ሹም ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።
ጭብጨባው በወንበሬ መደገፊያ መጣ።
ነገር ግን ሰውየው ውጭ አገር ነው የተማረው አሉ፤
በየትኛው ቋንቋ እንደ ወዘወዘው
ይኸው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

የማታው ባቡር ለጊዜው ይመጣል፤ መስኮቴ ይነግረኛል።
ሠላሳ አንድ ዓመት ድምፅ ስትሰጥ የኖረች ሴት
ያን ሐሙስ እጇን አወጣች እንጂ እጅ አልሰጠችም።

ትናንት ኮቷን ይዛ መጣች፣ "አዝራር ትከልልኝ" ብላ።
"ኪሱንስ ልፍታው?" አልኳት በእጄ።
ራሷን ላይና ታች ነቀነቀች።